ሸማው የአገር፣ ጥለቱ የባሕር ማዶ፤ የክብር ልብስ በኢትዮጵያ ታሪክ

በአገራችን ስለ ቅንጦት ልብስ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ዐይነት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን አባቶቻችን በነጭ ሸማቸው ረክተው ይኖሩ እንደ ነበረና የቅንጦት ፍቅር ከባቡር ጋራ ከውጭ እንደ ገባ ይናገራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የውጭ ልብስ የሥልጣኔ በር ነው ይላል። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ግን ሁለቱም አሳቦች ከአንድ ስሕተት የተነሡ ሆነው ይገኛሉ፤ ይኸውም የአገር ልብስና የውጭ ልብስ ጥንት ተለያይተው ይኖሩ ነበር ብሎ ማሰብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክብር ልብሳችን ከጥንት ጀምሮ ከሁለቱም የተፈተለ መሆኑንና የባቡሩ ዘመን የለወጠው ጨርቁን ሳይሆን ጨርቁ የሚገኝበትን መንገድ መሆኑን ማሳየት ነው። ዓመቶቹ የሚጠቀሱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ዕቃዎች ዘርዝሯል። ከእነርሱም መካከል በግብጽ የተሠሩ ልብሶችና ከሕንድ የመጣ የጥጥ ጨርቅ ይገኛሉ። ዞስካሌስ ለተባለው ንጉሥ የወርቅና የብር ዕቃ፣ እንደዚሁም መደረቢያ ልብስ ይመጣለት ነበር። የሚያስደንቀው ጸሐፊው ለንጉሡ የሚቀርበው ልብስ ዋጋው ብዙ አለመሆኑን መግለጹ ነው። ከዚህ የምንረዳው የልብስ ክብር በዋጋው ብቻ እንደማይለካ ነው። በወጣበት አገር መጠነኛ ዋጋ ያለው ልብስ ባሕር ተሻግሮ ከመጣና ከንጉሥ ትከሻ ላይ ካረፈ የንጉሥ ልብስ ሆነ።

በስድስተኛው መቶ ዓመት ደግሞ የቢዛንታይን መልእክተኛ ዐፄ ካሌብን ያየበት ታሪክ በማላላስ ዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆመው፣ በወርቅ የተሠራ የተልባ እግር ልብስ ከወገባቸው ታጥቀው፣ በራሳቸው ላይም በወርቅ ያጌጠ ጥምጥም አድርገው ነበር። ከወገባቸው በላይ ግን ከጌጡ በቀር ልብስ አልነበራቸውም። እንግዲህ ያን ጊዜም ቢሆን የክብር ልብስ ትርጉም ገላን መሸፈን ብቻ አልነበረም፤ ለሚያየው ሰው ማዕርግን መንገር ነበር።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ታሪክ ይመሰክራል። ግምጃ ማለት የከበረ ጨርቅ ሲሆን የመንግሥት ሀብት የሚቀመጥበትም ቤት በዚሁ ስም ግምጃ ቤት ተባለ። ሸለመ የሚለውም ግሥ አስጌጠ ማለት ነው፤ ክብር ሰጠ ማለትም ነው። ጌጥና ሹመት በአንድ ቃል የሚነገሩት በተግባርም አንድ ስለ ነበሩ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ወደ ቤተ መንግሥት የተጠሩ መኳንንት የንጉሡ ፈቃድ እስኪታወቅ ድረስ ከወገባቸው በላይ ዕራቁታቸውን ይቆዩ ነበር። ለብሰው በታዩ ጊዜ ሕዝቡ የጌታቸውን ሞገስ እንዳገኙ ያውቃል። ከዚያም ወዲህ ባሉት ዘመናት ለምድና የወርቅ ጥልፍ ያለው የከፋይ ካባ የሚገኘው በገበያ ሳይሆን ከንጉሥ እጅ ነበር። ለባሹ ምን ያህል ሀብት እንዳለው ሳይሆን ምን እንደ ሠራና ለማን እንደ ታመነ ይናገር ነበር።

ከካባው በታች ያለውን ሸማ ብንመለከትም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥጡ በአገር ይበቅላል፤ እናቶቻችን ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ድርና ማጉን አስማምቶ ይሠራዋል። ዳሩ ግን ኩታውን ከኩታ፣ ጃኖውን ከተራ ሸማ የሚለየው ጥለቱ ነው፤ የጥለቱ ቀይ ክርና ሐር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። በምጽዋ በኩል ከሕንድ የሚገባው ባለቀለም ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። የክርስቲያን ምልክት የሆነው ማተብ እንኳ ብዙ ጊዜ ከውጭ በመጣ ሰማያዊ ሐር ይሠራ ነበር። ሸማውን የአገር ልብስ ያደረገው እንግዲህ የክሩ ትውልድ ሳይሆን የአለባበሱ ሕግ ነው። ታናሹ በታላቁ ፊት ያደገድጋል፤ ታላቁ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ይቀመጣል። ይህን ሕግ ማንም ነጋዴ ከውጭ አላመጣውም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ከውጭ ከሚገቡት ዕቃዎች ዋነኛው የአሜሪካው አቡጀዴ ነበር፤ በ1903 ሮበርት ስኪነር ከአሜሪካ መጥቶ ለተዋዋለው የንግድ ውል ይህ ጨርቅ አንዱ ምክንያት ነበር። በአዲስ አበባ የሕንድና የአርመን ነጋዴዎችና ልብስ ሰፊዎች ሱቅ ከፈቱ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ይደፉ ስለ ነበር መኳንንቱ ባርኔጣ ማድረግን እንደ ነውር ሊቈጥሩት አልቻሉም። አሁን ከፋይና ሐር የሚፈልግ ሰው ጦር ሜዳ ውሎ ግዳይ መጣል አላስፈለገውም፤ ብር መያዝ ብቻ በቃው። ልብስ የታማኝነት ምስክር መሆኑ እየቀረ የገንዘብ ምስክር እየሆነ ሄደ።

ይህ ለውጥ ጉዳት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቀድሞ ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደውን ካባ ዛሬ ማንኛውም ሙሽራ በሠርጉ ቀን ይደርበዋል፤ መግዛት ያልቻለም ይከራየዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት በዚህ ቀን ብቻ የተሻረ ይመስላል። ለአንድ ቀን ንጉሥና ንግሥት ሆኖ መታየት ለሁሉም መድረሱ በማኅበራዊ ኑሯችን ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በዚያው መጠን ልብሱ የሚናገረው ነገር ቀንሷል፤ ሁሉም የሚለብሰው ምልክት ማንንም ለይቶ አያመለክትምና።

በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ግን ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሸማኔው ዕድል ነው። በጎንደር ሸማ የሚሠሩት በብዛት እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በኋላም ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሰዎች በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሠፍረው የከተማውን ሕዝብ አለበሱ። መሬት ሳይኖራቸው በእጃቸው ሥራ ያደሩት ሰዎች የሠሩት ልብስ ሲከብር እነርሱ ግን ተናቁ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ንጉሡ ካባ በሸለሙ ጊዜ ስሙ የተነሣው የሸላሚውና የተሸላሚው ነው፤ ገበያው በተተካ ጊዜም የሚታወቀው የነጋዴውና የገዢው ነው። የሠሪው ስም በሁለቱም ዘመን አልተጻፈም።

ዛሬ ጥለትና ጥበብ አስመስለው በውጭ አገር በመኪና የተሠሩ ጨርቆች በገበያችን ላይ በርካሽ ይሸጣሉ። ብዙ ሰው ይህን የባህል መጥፋት ብሎ ያዝንበታል። ከላይ እንደ ተመለከትነው ግን የባሕር ማዶ ክር ለሸማችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ባህላችን ብዙ ዘመን ተቀብሎ የራሱ ሲያደርገው ኖሯል። የአሁኑን ከቀድሞው የሚለየው ቀድሞ ከውጭ የሚመጣው ክር በሸማኔው እጅ አልፎ ልብስ መሆኑ፣ ዛሬ ግን ልብሱ ተሠርቶ አልቆ መምጣቱ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን ክሩ ከየት መጣ ብለን አይደለም፤ ሸማው በማን እጅ ተሠራ፣ ለሠሪውስ ምን ተከፈለው ብለን ነው። ሸማኔው ከሥራው ከተነሣ ግን ከውጭ የመጣውን ክር የአገር ልብስ የሚያደርገው እጅ አይኖርም።