ክፉ ቀንና «ተመስገን»

«እንደምን ሰነበቱ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የማይመልስ ሽማግሌ ማግኘት ያዳግታል። የታመመውም፣ እህል ያጣውም የሚመልሰው ይኸንኑ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤትም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ስለ ክፉ ቀን ስናስተምር ግን አንድ እጩ መምህር፣ «ከብታቸው አልቆ፣ ልጆቻቸውን ቀብረው ሳለ ምኑን ነው የሚያመሰግኑት? ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀን። በዚያች ክፍለ ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመለስበት የወደድነውም ስለዚህ ነው።

ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱን የመታው ረሃብ ነው። መነሻው የከብት በሽታ ሆነ። ጣሊያኖች በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር በሽታው ገባ፤ ከዚያም ደጋውን እያዳረሰ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ቆይቶም የማሳይን ከብት ፈጅቶ እስከ ደቡባዊው የአፍሪካ ጫፍ ደረሰ። በአማርኛ ይህ በሽታ «ደስታ» ይባላል። ያን ያህል መዓት ያመጣ ነገር በዚህ ስም መጠራቱ ተማሪዎቻችንን ሁልጊዜ ያስገርማል፤ እኛንም ያስገርመናል። ከአገሪቱ ቀንድ ከብት ከመቶ ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል።

በሬ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ለከተማ ልጅ ማስረዳት ያስፈልጋል። ገበሬው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም ያጣው። ጥማድ ከሌለ ማረሻው ሥራ ፈት ነው፤ ማሳው ጾሙን ያድራል፤ ለዘር የተቀመጠችው እህልም ትበላለች። በዚህ ላይ ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን ፈጁ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። በዚያን ዘመን የሕዝብ ቆጠራ ስላልነበረ ቁጥሩን እንደ ግምት መያዝ ይገባል።

ካህናቱም ሕዝቡም ነገሩን የኃጢአት ቅጣት አድርገው ተረዱት። ምህላ ተያዘ። በምህላ ጊዜ «እግዚኦ» እየተባለ አርባ አንድ ጊዜ ምሕረት ይለመናል። ለእጩ መምህሩ ጥያቄ ግን ከምህላው ይልቅ ቅዳሴው የተሻለ መልስ ያለው ይመስለናል። በቅዳሴያችን ጸሎተ አኮቴት የሚባል የምስጋና ጸሎት አለ። ይህ ጸሎት መከር ሲያምር የሚነበብ፣ ሲጠፋ የሚታለፍ አይደለም፤ የሥርዓቱ ክፍል ነው። በክፉ ቀንም ቅዳሴ በተቀደሰበት ደብር ሁሉ ተነቧል ማለት ነው። የሚመሰገነውም እግዚአብሔር እስከዚያች ሰዓት ጠብቆ ስላደረሰ እንጂ ስለ ጎተራው ሙላት አይደለም። ሰውዬው ረሃቡን አላመሰገነም፤ ሲነጋ በሕይወት መገኘቱን አመሰገነ እንጂ። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ጠግበን ስናነበው ነው።

ተስፋ መቁረጥ ነው እንዳንልም የሚከለክለን ሌላ ነገር አለ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት በዚሁ ረሃብ መካከል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጎተራቸውን አስከፍተው ለተራበው እህል ከማደላቸው በላይ፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቆፍሩ አደረጉ። በዶማ መቆፈር ለመኳንንት ውርደት በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጸሎቱና ዶማው አብረው ሄዱ።

ይሁን እንጂ ታሪኩን አሳምረን ብቻ መንገር የለብንም። በእነዚያው ዓመታት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የዘመቱ ጦሮች የሌላውን ሕዝብ ከብት ነድተው ተመልሰዋል። በሬ ሲመጣለት «ተመስገን» ያለ ገበሬ፣ ያ በሬ ከማን ደጅ እንደተነዳ ጠይቆ ይሆን? ይህን ጥያቄ ለተማሪ ማቅረብ እምነትን መንካት የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉን፤ እኛ ግን አይመስለንም። መዓቱን ቅጣት ብቻ አድርጎ መውሰድም የበሽታውን መንገድ እንዳይመረመር ያደርጋል፤ ከምጽዋ ወደብ መነሣቱን የምናውቀው ሰዎች ስለመረመሩት ነው።

«ደስታ» ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ሙቀት ሲነካው ይበላሽ ስለነበር ከበረሃ ከብት ዘንድ ለማድረስ ብዙ ዘመን አስቸግሮ ነበር፤ ሙቀት የሚችል ክትባት ከተገኘ በኋላ ግን በአፋር ምድር የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች መድኃኒቱን ተሸክመው ከመንጋ ወደ መንጋ እየተዘዋወሩ ራሳቸው ከብቶቻቸውን ከተቡ።