የፍላሽ ዲስክ ዘመን በአዲስ አበባ

የመረጃ ቴክኖሎጂ ድርጅቶችን በአንድ ግቢ እንዲያሰባስብ የታሰበው አይሲቲ ፓርክ የተተከለው በጎሮ ቢሆንም፣ የተበላሸ ማከማቻን የመጠገን ዕውቀት በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በኩልም ተስፋፍቷል። 1.44 ሜጋባይት ብቻ የሚይዘውን ፍሎፒ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በ8 ሜጋባይት ለገበያ የቀረበው ፍላሽ ዲስክ እየተካው ሲሄድ፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚዞረው ይህ ዕቃ ቫይረስንም ይዞ ዞረ። «ሾርትከት» የተባለው ቫይረስ ፋይሎችን ሳያጠፋ ደብቆ በስማቸው አሳሳች አቋራጭ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ሰነዳቸው የጠፋ መስሏቸው ፍላሹን ፎርማት ያደረጉ፣ ማለትም ማከማቻውን ባዶ አድርገው እንደ አዲስ ያዘጋጁ ሰዎች፣ ሊድን ይችል የነበረውን ሥራቸውን በገዛ እጃቸው አጡ፤ ይህም እጅግ የሚያሳዝን ኪሳራ ነበር፤ ምክንያቱም «አትሪብ» የተባለው አጭር ትእዛዝ የመደበቂያ ምልክቱን ያነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 «አውቶራን»ን፣ ማለትም ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን አሠራር፣ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ሲገድብ አንዱ በር ተዘጋ፤ ተጠቃሚው ራሱ የሚከፍተው አቋራጭ ግን አደጋነቱን አልተወም።