የተገቢ አጠቃቀም ደንብ፦ በክርስቲያን ትምህርት ቤት ወላጅም ተማሪም የሚፈርሙበት ሰነድ

«የተገቢ አጠቃቀም ደንብ» አንድ ተቋም ኮምፒውተሩን፣ ኔትወርኩንና ኢንተርኔቱን ለሰዎች ሲፈቅድ ለምን እንዲጠቀሙበት እንደሚፈልግ፣ ምን እንዳያደርጉበት እንደሚከለክልና ደንቡ ሲጣስ ምን እንደሚከተል የሚገልጽበት ሰነድ ነው። እንግሊዝኛው «አክሰፕተብል ዩዝ ፖሊሲ» ይለዋል፤ ሲያጥር «ኤዩፒ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጁን ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያስገባ ሐበሻ ወላጅ ወረቀቱን ሳያየው አይቀርም። ትምህርት ሊከፈት ሲል ከክፍያው ውልና ከክትባቱ ማስረጃ ጋር ይላክለታል፤ ብዙ ጊዜም ሳያነበው ይፈርምበታል።

ስያሜው ወደ አማርኛ ቃል በቃል ከተመለሰ «ተቀባይነት ያለው የአጠቃቀም ፖሊሲ» ይሆናል። ይህ ለአፍ ይከብዳል፤ «ፖሊሲ» የሚለው ቃልም ለአማርኛ አንባቢ ቶሎ የሚያስታውሰው መንግሥትን ነው። «የተፈቀደ አጠቃቀም» ቢባል ደግሞ ሰነዱ የፈቃድ ዝርዝር ብቻ ይመስላል። ደንቡ ግን ተማሪው በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ነገር ሲገጥመው ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ ራሱ እንዲመዝን ይጠብቅበታል። «ደንብ» የሚለውን ቃል ትምህርት ቤቶቻችን «የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ» በሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት ስለኖሩ «የተገቢ አጠቃቀም ደንብ» ለሁሉም ግልጽ ነው። በደንቡ መጨረሻ የሚፈረምበትን ገጽ «የአጠቃቀም ስምምነት» ማለት ይቻላል።

አመጣጡ

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤቶች አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የዩኒቨርሲቲዎችንና የምርምር ማዕከላትን ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ ኤንኤስኤፍኔት የተባለ መረብ ዘርግቶ ነበር። ወጪው ከመንግሥት ካዝና ስለሚሸፈን መረቡ ለምርምርና ለትምህርት እንጂ ለትርፍ ሥራ እንዳይውል የሚከለክል የአጠቃቀም ደንብ ወጣለት። መረቡ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1995 ተዘግቶ ኢንተርኔቱ በግል ኩባንያዎች እጅ ሲገባ ያ ደንብም አብሮ አበቃ። መሠረተ ሐሳቡ ግን ወደ መሥሪያ ቤቶች፣ ወደ ቤተ መጻሕፍትና ወደ ትምህርት ቤቶች ተሻገረ፦ መስመሩን የዘረጋና ወጪውን የሚሸፍን አካል መስመሩ ለምን እንደሚውል የመወሰን መብት አለው።

በትምህርት ቤቶች ደንቡን ግዴታ ያደረገው የመንግሥት ድጎማ ነው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ «ኢ-ሬት» የተባለውን ፕሮግራም አስገኘ። ፕሮግራሙ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት ከኢንተርኔት ወጪያቸው ከ20 እስከ 90 በመቶ ይቀንስላቸዋል። ለትርፍ ያልተቋቋሙና ቋሚ የገንዘብ ሀብታቸው ከ50 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ የግልና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም ተጠቃሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ ደግሞ ለዚህ ገንዘብ ቅድመ ሁኔታ አበጀለት። ትምህርት ቤቱ ጸያፍና ለልጆች ጎጂ ምስሎችን የሚያግድ ማጣሪያ መጫን፣ ልጆች ኢንተርኔት ላይ የሚያደርጉትን መከታተል፣ እንዲሁም አሳውቆና ስብሰባ ጠርቶ የኢንተርኔት ደኅንነት ደንብ ማጽደቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ሕግ ለልጆች ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሥነ ምግባርና በኢንተርኔት ስለሚፈጸም ማስፈራራትና ማዋረድ ማስተማርንም ጨመረበት።

የመንግሥት ገንዘብ ላለመንካት የወሰኑ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አሉ። ሕጉ እነርሱን አያስገድዳቸውም፤ ይሁንና እነርሱም ደንብ ያወጣሉ። ምክንያቱን ለመረዳት በመንግሥትና በክርስቲያን ትምህርት ቤት መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል።

ውልም ነው፣ ቃል ኪዳንም ነው

የመንግሥት ትምህርት ቤት የመንግሥት ክንድ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ ለተማሪው የሰጠውን የመናገር ነፃነት ማክበር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንዲት የፔንስልቬንያ ተማሪን ጉዳይ አይቶ ነበር። ልጅቷ በዕረፍት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ሆና፣ ትምህርት ቤቱንና የቺርሊደር (የደጋፊ ጭፈራ) ቡድኑን በስናፕቻት ተሳድባ ከቡድኑ ታገደች። ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ፈረደላት። ያው ነገር በክርስቲያን ትምህርት ቤት ቢፈጸም ይህ ክርክር አይጠቅማትም ነበር። የግል ትምህርት ቤትና ወላጅ የሚተሳሰሩት በውል ነው፤ ደንቡም የውሉ አካል ነው። በውሉ ላይ «ከግቢ ውጭ በራስ ስልክ የሚጻፈውንም ይመለከታል» የሚል መስመር ካለ እሑድ ማታ ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ነገር ሰኞ ጠዋት ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ሊያስጠራ ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት የደንቡ መነሻ ነው። በክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ደንቦች ደጋግሞ የሚጠቀሰው ፊልጵስዩስ 4፥8 ነው። ጥቅሱ አእምሮ በምን ላይ ሊያርፍ እንደሚገባው ስለሚናገር ለኮምፒውተር መስኮት ሲሆን በልክ የተሰፋ ያህል ነው። ስለዚህ ጸያፍ ምስል የሚከለከለው ልጅን ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም፤ ኃጢአትም ስለሆነ ነው። የሰው ሥራ ገልብጦ ማስረከብም ከፈተና ደንብ ጥሰት አልፎ ውሸትና ስርቆት ነው። ቅጣቱ ውስጥም ምክር፣ ጸሎትና ይቅርታ መጠየቅ ይገባሉ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ስምምነቱን «ቃል ኪዳን» እስከ ማለት የሚደርሱት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ወላጅን ራሱን ይነካል። ማቴዎስ 18፥15 ቅሬታ ያለው ሰው በመጀመሪያ ወደ በደለው ሰው ብቻውን እንዲሄድ ያዝዛል። ብዙ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ይህን የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓት አድርገው በመመሪያቸው ጽፈውታል፦ መጀመሪያ ከመምህሩ ጋር፣ ካልሆነ ከኃላፊው ጋር፣ ቀጥሎ ከቦርዱ ጋር። ስለ ልጁ ውጤት የተናደደ አባት ነገሩን ፌስቡክ ላይ ወይም በወላጆች የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ቢዘረግፈው የፈረመበትን ሥርዓት አፍርሷል ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን አለ?

አንቀጾቹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያዩም ዋና ዋናዎቹ ተቀራራቢ ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ አካውንትና የይለፍ ቃል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ልጆች በብዛት የሚሰናከሉበት ግን እዚህ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ፓስዎርዱን ለጓደኛው ያውሰዋል እንበል። ጓደኛው በዚያ አካውንት ገብቶ የተከለከለ ነገር ይፈልጋል፤ ወይም በሌላ ልጅ ላይ ስድብ ይጽፋል። በትምህርት ቤቱ ሲስተም ላይ ከቀንና ከሰዓቱ ጋር የሚመዘገበው ስም የአካውንቱ ባለቤት ነው። «እኔ አይደለሁም» ማለት አያድነውም፤ ደንቡ በአካውንቱ ለተደረገው ሁሉ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው ይላልና።

ሁለተኛው ማጣሪያውን ማለፍ ነው። ቪፒኤን መጫን፣ መሸጋገሪያ ድረ ገጽ መጠቀም ወይም የስልክን ዳታ ለላፕቶፕ ማጋራት የተከለከለ ነገር ባይታይበት እንኳ በራሱ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። ማጣሪያው ራሱ ፍጹም አይደለም። የጡት ካንሰርን ለሳይንስ ክፍል የምታጠና ተማሪን ሊያግዳት፣ የቁማር ጨዋታ ያለበትን አዲስ ገጽ ደግሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ደንብ በስህተት የተዘጋ ገጽ እንዲከፈት ተማሪው ማንን እንደሚጠይቅ ይነግረዋል።

ሦስተኛው አንቀጽ ወላጅ ቆም ብሎ ሊያነበው የሚገባ ነው። «ተጠቃሚው በትምህርት ቤቱ መሣሪያና አካውንት ላይ የግል ምስጢር አለኝ ብሎ ሊጠብቅ አይችልም» ይላል። ይህ ማለት ትምህርት ቤቱ ኢሜይሉን፣ ፋይሉንና የጎበኛቸውን ገጾች መመልከት ይችላል። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ክሮምቡክ ላፕቶፕ ቤት ሲመጣም ክትትሉ አብሮት ሊመጣ ይችላል፤ ልጁ በቤት ኮምፒውተር በትምህርት ቤት አካውንቱ ቢገባም እንደ አሠራሩ ያው ሊሆን ይችላል። ይህ ሥልጣን ልክ ካልተበጀለት የሚያደርሰውን አደጋ በፔንስልቬንያ የሎወር ሜሪየን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሳይተዋል። ለተማሪ የተሰጠ ላፕቶፕ ሲጠፋ ለመፈለግ የተጫነ ሶፍትዌር ልጆችን ቤታቸው ሳሉ በካሜራ ፎቶ ሲያነሣቸው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተጋለጠ። ምስሎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቶቹም በዚያው ዓመት ክሶቹን በ610 ሺህ ዶላር ዘጉ።

አራተኛውና አዲሱ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ትምህርት ቤቶች የድሮ ደንባቸውን እያሻሻሉ ነው። አንዳንዱ ሐሳብ ለማመንጨት ብቻ ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ መምህሩ ካልፈቀደ በቀር ይከለክላል። የትኛውም ቢሆን ተማሪው በምን እንደታገዘ በግልጽ እንዲናገር መጠየቁ ከክርስቲያን ትምህርት ቤት እውነት የመናገር መርሕ ጋር የሚሄድ ነው። የአገልግሎቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቅድም፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉትም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ቅጣት ነው፦ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ አካውንትን እስከ መዝጋት፣ ከትምህርት እስከ ማገድና እስከ ማሰናበት ይሄዳል።

ደንቡ ማንን ያስራል?

የእነዚህ ሰነዶች ትልቁ ጉድለት የልጁን ግዴታ በሁለት ገጽ ዘርዝረው የትምህርት ቤቱን በአንድ መስመር ማለፋቸው ነው። አንዳንዱማ «እግዚአብሔርን የማያስከብር ማንኛውም ነገር» ብሎ ያልፋል። ሐሳቡን የሚቃወም አማኝ የለም፤ ደንብ ሆኖ ሲጻፍ ግን የትኛው ድርጊት ማለት እንደሆነ የሚወስነው በዕለቱ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ይሆናል። ቃል ኪዳን ደግሞ ሁለት ወገን የሚገባው ነገር ነው። ልጁ ፓስዎርዱን ላለማዋስ ቃል ከገባ ትምህርት ቤቱም የልጁን መረጃ ማን እንደሚያየው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ካሜራና ማይክሮፎን በርቀት እንደማይከፈት በጽሑፍ ቃል መግባት አለበት።

ከመፈረም በፊት አራት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ክትትሉ ቤትም ይሠራል ወይ? የልጄን የኢንተርኔት መዝገብ የሚያየው ማን ነው? ልጄ ሲከሰስ የመሰማት ዕድል አለው ወይ? በራሱ ስልክ የሚጽፈውስ በደንቡ ይዳኛል ወይ? እንግሊዝኛ የሚከብደው ወላጅ ሰነዱ እንዲብራራለት መጠየቅ አያሳፍረውም። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይመከርም፤ በራሱ ላይ የወጣን ደንብ የሚተረጉም ልጅ ለራሱ የሚመቸውን ሊመርጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ በአብያተ ክርስቲያናት ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችም የኮምፒውተር ክፍል አላቸው፤ የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክም አዲስ ነገር አይደለም። የሕግ መነሻም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትንና በኮምፒውተር ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማት ላይ ግዴታ ይጥላል። በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ «ስልክ ክልክል ነው» ብለው ያቆሙ ትምህርት ቤቶች የተገቢ አጠቃቀም ደንብ ቢያዘጋጁ ይበጃቸዋል። ሰነዱ ወላጅ በሚያነበው አማርኛ ይጻፍ፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ድርጊቶችን በስማቸው ይጥራ፤ ከተማሪውና ከወላጁ ፊርማ ጎን የርእሰ መምህሩም ፊርማ ይኑርበት።