ታብሌት በድሬዳዋ፦ ከባቡር ሐዲድ የተወረሰ ታሪክ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ መሃል አገር የሚዘልቅባት በር ሆና ስላደገች፣ ቀድሞ ጨርቅ፣ ኋላም ሬዲዮና ቴፕ በገቡበት በዚያው የንግድ መንገድ ታብሌትም ደረሰባት፤ ታይዋን የተባለው ገበያዋም ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስሙ የታወቀ ነው። ታብሌት፣ ማለትም በጣት ንክኪ የሚታዘዝ ጠፍጣፋ ኮምፒውተር፣ በዓለም የተስፋፋው አፕል አይፓድን ለገበያ ካቀረበበት ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ቢሆንም፣ አማርኛን እንደ ሌሎች ቋንቋዎች ሊያስተናግድ የቻለው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ውስጥ አስቀድሞ በመካተቱ ነው። ይህ ብዙም ያልተነገረለት ሥራ ከመሣሪያው ባልተናነሰ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ምክንያቱም በላቲን ፊደል የሚጻፉት አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ከአማርኛ ጋር በአንድ ግቢ በሚነገሩባት ከተማ፣ ቤተሰቡ በአንዱ መስተዋት ላይ ከፊደል ወደ ፊደል እየተሻገረ እንዲጽፍ አስችሎታል።

በጉዞም ልማዱ ተለውጧል። በአሮጌው ባቡር ዘመን የተሳፋሪው መዝናኛ ጨዋታና የየጣቢያው ገበያ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድ መንገደኛ ግን፣ የሞባይል መረብ በበረሃው ሊቆራረጥ ስለሚችል፣ የሚያየውን ፊልም ከቤቱ በታብሌቱ ላይ አውርዶ መነሣት ይበጀዋል።