የተካደው ዕቅድ፦ የብሪታንያ ከሰል ቆፋሪዎች አድማና የሶሻሊስቶች ክርክር

እ.ኤ.አ. በማርች 1984 ተቀስቅሶ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያበቃውን የብሪታንያ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ የሚተርኩ ምንጮች ገና ከመነሻው አይስማሙም። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ጉዳዩን ኪሳራ ውስጥ የገቡ ጉድጓዶችን የመዝጋት የሂሳብ ጥያቄ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ሶሻሊስቶች ግን በሠራተኛው መደብ ላይ አስቀድሞ የተሸረበ ጥቃት ነው ብለዋል።

የቂሙ ሥር በ1972 እና በ1974 አድማዎች ውስጥ ይገኛል፤ በሁለተኛው ወቅት የኤድዋርድ ሂዝ ወግ አጥባቂ መንግሥት ምርጫ ጠርቶ ሥልጣኑን አጥቷልና። ፓርቲው በተቃዋሚነት ሳለ ኒኮላስ ሪድሊ የመራው ቡድን በ1977 ያዘጋጀው፣ በማግሥቱ ዓመትም ሾልኮ «ዘ ኢኮኖሚስት» ላይ የወጣው ሰነድ ከሰል እንዲከማች፣ ከውጭም እንዲገባ፣ የማኅበር አባል ያልሆኑ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲቀጠሩ፣ ለአድመኞች የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ እንዲቋረጥና ተንቀሳቃሽ የፖሊስ ኃይል እንዲደራጅ ይመክራል። እርግጥ ነው፣ የፓርቲ ምክር የመንግሥት ውሳኔ አይደለም፤ ታቸርም በፌብሩዋሪ 1981 ጉድጓድ ከመዝጋት አፈግፍጋለች። ይሁንና ከዚያ በኋላ የከሰሉ ክምችት እያደገ መሄዱን ስናይ፣ ማፈግፈጉን ከሐሳብ ለውጥ ይልቅ ከዝግጅት መቁጠሩ ሚዛን ይደፋል።

ብርቱው ቅራኔ ያለው ግን በቁጥሩ ላይ ነው። የመንግሥቱ የከሰል ቦርድ ሊቀ መንበር ኢያን ማክግሬገር 20 ገደማ ጉድጓዶች ይዘጋሉ ሲል፣ የቆፋሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት አርተር ስካርጊል 70 ናቸው አለ። ማክግሬገር በጁን 1984 ለየቆፋሪው ቤት በላከው ደብዳቤ ኢንዱስትሪውን የማፍረስ ዕቅድ አለ መባሉን ፍጹም ሐሰት ብሎታል። በጃንዋሪ 2014 የተከፈቱት የካቢኔ ወረቀቶች ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል፤ በሴፕቴምበር 1983 ታቸር በተገኘችበት ስብሰባ ላይ ማክግሬገር በሦስት ዓመት 75 ጉድጓዶችን ለመዝጋት ማሰቡ ተወስቷል፤ ቃለ ጉባኤውም እንዳይባዛ ተወስኗል። ሐሳብ ውሳኔ አይደለም የሚለውን መከራከሪያ አንንቅም፤ ሆኖም የያኔዎቹ ጋዜጦች በማጋነን የከሰሱት ስካርጊል አሳንሶ ተናግሮ ነበር።

ይህ ማስረጃ የሶሻሊስቶቹን የእርስ በርስ ሙግት አይፈታም። ማኅበሩ አገር አቀፍ የአባላት ድምፅ ሳያሰጥ አድማውን በመቀጠሉ የኖቲንግሃምሻየር ቆፋሪዎች አብዛኞቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። የሌበር መሪ ኒል ኪኖክ፣ ራሱ የቆፋሪ ልጅ ሆኖ፣ ድምፅ አለመሰጠቱን እንደ ታላቅ ስሕተት አየው፤ የዚያው ፓርቲ ፖለቲከኛ ቶኒ ቤን ግን ከአድመኞቹ ጎን ያለ ማመንታት ቆመ። ኮሚዩኒስቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሚክ ማክጌሂ፣ ጉድጓዱ የማይዘጋበት ቆፋሪ በሌላው እንጀራ ላይ ድምፅ ሊሰጥ አይገባም በሚሉት ወገን ነበር። በእኛ ሚዛን የማክጌሂ ሙግት ከፍትሕ አንጻር ጠንካራ፣ ከስልት አንጻር ግን ደካማ ነው፤ ለመንግሥትና ለፍርድ ቤቶች ሳይለፉ የተገኘ መሣሪያ ሰጥቷልና።

ማርች 3 ቀን 1985 የማኅበሩ ተወካዮች 98 ለ 91 በሆነ ድምፅ ያለ ስምምነት ወደ ሥራ ለመመለስ ወሰኑ። በኦክቶበር 1992 ወግ አጥባቂው መንግሥት 31 ጉድጓዶች እንደሚዘጉ ሲያስታውቅ፣ በአድማው ወቅት ሥራ ያላቋረጡት የኖቲንግሃምሻየር ጉድጓዶችም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።