«ጻፍኩ» ያለው ኮድ በእርግጥ ጽፏል?

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሜሞሪ ላይ ያለ ጽሑፍን ወደ ፋይል መላክ ነው። ፋይሉን ትከፍታላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፤ አለቀ። ግን ኮዱ «ጨርሻለሁ» ባለ በሰከንድ ውስጥ መብራት ድርግም ቢልስ? ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ላይገኝ ይችላል። ለምን? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብስ ዩኒክስን ሲጀምሩ፣ ዲስክ ከሜሞሪ አንጻር እጅግ ቀርፋፋ ነበር። ለእያንዳንዷ ቃል ዲስኩን መጠበቅ ማሽኑን ሥራ ማስፈታት ነው። ስለዚህ ዩኒክስ የተሰጠውን ጽሑፍ ሜሞሪ ውስጥ ባለ ማቆያ፣ ማለትም ባፈር ላይ ያስቀምጥና ለፕሮግራሙ «ተቀብያለሁ» ይለዋል። ዲስኩ ላይ የሚያሰፍረው በኋላ ነው። የተጠራቀመውን በየ30 ሰከንዱ ወደ ዲስክ የሚያስገፋ ትንሽ ፕሮግራምም ነበረው።

በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም፣ የሲ ቋንቋ መደበኛ የግብዓትና ውጤት ላይብረሪ ሌላ ባፈር ጨመረ፤ ይሄኛው ፕሮግራሙ ራሱ ውስጥ ነው። አሠራሩ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ሰው ሳይሞላ አይነሳም። ፍጥነቱ ጨመረ፣ አደጋውም እንዲሁ። አሁን መብራት ባይጠፋ እንኳ ፕሮግራሙ ድንገት ከተቋረጠ፣ ታክሲው ውስጥ የተቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል።

በ1983 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው 4.2ቢኤስዲ መፍትሔ አመጣ፤ ስሙ ኤፍሲንክ ይባላል። ትርጉሙ ባጭሩ «የዚህ ፋይል ጽሑፍ ዲስክ እስኪደርስ አልንቀሳቀስም» እንደማለት ነው። ችግሩ፣ ማስጠበቁ ፕሮግራሙን ስለሚያዘገየው ብዙዎች ዘለሉት።

የዘለሉት ዋጋውን በ2009 አዩት። ኤክስት4 የተባለው አዲስ የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት፣ ለፍጥነት ሲል ለጽሑፉ ዲስክ ላይ ቦታ የሚመድብበትን ሰዓት ከቀድሞው ኤክስት3 ይበልጥ አዘገየው። ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ፣ ገና የተጻፉ ፋይሎች ባዶ ሆነው ተገኙ፤ መጠናቸው 0 ባይት። የድሮው ይዘት ተሰርዟል፣ አዲሱ አልደረሰም። ክርክር ተነሳ፦ ጥፋተኛው ፋይል ሥርዓቱ ነው ወይስ ኤፍሲንክን የዘለሉት ፕሮግራሞች? በመጨረሻ ሥርዓቱ ለተለመዱት ሁኔታዎች ማስተካከያ ተደረገለት፤ ደንቡ ግን አልተለወጠም።

ዛሬም ያው ነው። በፓይተን ፋይል ስትዘጉ ባዶ የሚሆነው የፕሮግራሙ ባፈር ብቻ ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባፈር ገና ይቀራል። የሕመምተኛ መዝገብ ወይም የባንክ ሒሳብ የሚጽፍ ኮድ ካላችሁ፣ የድሮውን ፋይል ሳትነኩ አዲሱን በሌላ ስም ጻፉ፤ የፕሮግራሙን ባፈር አራግፉ፤ ኤፍሲንክን ጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን በድሮው ስም ተኩት። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ በእጃችሁ ይኖራል፤ ባዶ ፋይል አይጠብቃችሁም።