ሁለት ባላ የተከለ ነጋዴ፦ ከጎርጎራ ወደብ እስከ አክሲዮን ገበያ

በገበያ ውስጥ ከማዘዝ ይልቅ የታዘዘውን መሰረዝ ይከብዳል። ችግሩ ኮምፒውተር ያመጣው አይደለም።

ጎርጎራን እናስብ። በስተሰሜን ጎንደር፣ በስተደቡብ ከጣና ማዶ ባሕር ዳር አለ። በታንኳ ዘመን አንድ የጎርጎራ ነጋዴ ጤፉን በሁለቱም ከተማ ላሉ ደላሎች ሰጠ እንበል። «አንዳችሁ ከሸጣችሁ ሌላው ይተው» ብሏል። ሁለት ባላ መትከል ብልህነት ነው። ነገር ግን ጎንደር ላይ የተሸጠው ጤፍ ወሬ ሐይቁን እስኪሻገር የባሕር ዳሩም ደላላ ቃል ሊገባ ይችላል። አንድ ጤፍ፣ ሁለት ገዢ። ኪሳራው የማን ነው?

ዛሬም ያው ነው። አክሲዮን በ100 ብር የገዛ ሰው «120 ሲገባ ሽጥልኝ፤ ወደ 90 ከወረደም ሽጥልኝ» ብሎ ሁለት ተያያዥ ትዕዛዞች ይሰጣል። አንዱ ሲፈጸም ሌላው መሰረዝ አለበት። የስረዛ መልእክት ግን ጥያቄ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ማረጋገጫው እስኪመጣ ትዕዛዙ በሕይወት አለ።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት ሲጀምር ለዚህ አንድ መልስ ይዞ መጣ። የጎንደር ሰሊጥ መጀመሪያ መጋዘን ይገባል፤ ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ሻጩ የሚሸጠው በደረሰኙ ነው። ተገበያዮቹ እጅ ለእጅ ተማትተው ሲስማሙ እቃው ቀድሞ ተቆልፏል። በኋላ የእጅ ምቱ በኤሌክትሮኒክ ግብይት ቢተካም ቁልፉ ያው ደረሰኙ ነው።

ቁልፍ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አሜሪካ አይታለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው ደላላ ድርጅት ከስምንት ሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ አዲሱን ፕሮግራም ሳይጭን ግብይት ጀመረ። የደንበኛ ትዕዛዝ በትንንሹ ተከፋፍሎ ይላካል፤ ዋናው ሲሞላ ትንንሾቹ መቆም አለባቸው። በዚያ ሰርቨር ላይ ግን «ሞልቷል፣ አቁም» የሚል አልነበረም። 212 የደንበኛ ትዕዛዞች በ45 ደቂቃ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ወለዱ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ድርጅቱም ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በሌላ ተገዛ።

እኛም ጥር 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያን ከፍተናል። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው። ዛሬ ገበያው ገና ልጅ ስለሆነ ስለ ስረዛ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሕግ መጻፍ የሚቀለው ግን ኪሳራ ሳይደርስ፣ ሁሉም ገና ወዳጅ ሳለ ነው።

ስለዚህ ከደላላ ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ተያያዥ ትዕዛዜ የሚቀመጠው በገበያው ሥርዓት ላይ ነው ወይስ በእናንተ ኮምፒውተር? በእናንተ ከሆነ መስመር ሲቋረጥ ማን ይሰርዘዋል? ሁለተኛ፣ ከ100 አክሲዮን 40ው ብቻ ቢሸጥ ሌላው ትዕዛዝ ወደ 60 ይቀንሳል ወይስ ጨርሶ ይሰረዛል? ሦስተኛ፣ ሁለቱም ቢፈጸሙ ኪሳራው የማን ነው?

የጎርጎራው ነጋዴ ሊወቅስ የሚችለው ነፋሱንና ታንኳውን ነበር። የዛሬው ደላላ ግን የሚያሳብበው ሐይቅ የለውም። መልሱን በጽሑፍ ይስጣችሁ።